የማረጃው ጭልፊት

ጋሽ ገብረሃንስ ክረምትን አይወዱም። ክረምትን የሚወድ ሰው እኔም ገርጂ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ልዩነቱ እኛ የምንጠላው በጭቃውና በታክሲ ሰልፉ ሲሆን እሳቸው የሚጠሉት ወፍ ስለሚያዘንብባቸው ነው። ሐምሌ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ከኢምፔሪያል እስከ ሩዋንዳ የተገተሩት የመስታወት ሕንፃዎች ቁርጥ ሰማይ ይመስላሉ። ጭልፊቱ ሰማይ ነው ብሎ በሙሉ ፍጥነቱ ይገባል፤ የሚያገኘው ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ ነው። ጉጉት ደግሞ ላባዋ ዶፍ አይችልም፤ አንዴ ከራሰች እንደ እርጥብ ካልሲ ከሽቦ ላይ ትወርዳለች። የወደቀውን ሁሉ የየሕንፃው ጥበቃ በካርቶን ይዞ ወደ እኛ ኮንዶሚኒየም ይመጣል። "ክንፍ ጠጋኙ ሰውዬ አሉ?"

ይህ ስም የወጣላቸው በፌዝ ነው። ጋሽ ገብረሃንስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሀንጋር ውስጥ የአውሮፕላን ገላ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። በወጡ በሦስተኛው ወር አንድ ነገረኛ ዘበኛ ክንፉ የተሰበረ ጭልፊት በማዳበሪያ ከረጢት አምጥቶ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "እርስዎ ክንፍ ጠጋኝ አይደሉም እንዴ? ይኸው ሥራ!" አላቸው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ከረጢቱን ከፈት አድርገው አዩ፣ "የግራው ነው" አሉ፣ ይዘውት ወደ ቤት ገቡ። ቀልድ የማይገባው ሰው ጣጣው ይሄ ነው፤ ዘንድሮ ስምንተኛ ክረምታቸው። ግማሹን ከአንድ የእንስሳት ሐኪም በስልክ፣ ግማሹን ከዩቲዩብ ተምረዋል። መጀመሪያ ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ደውለው እርዳታ ጠይቀው ነበር። "ወፉ የወደቀው በየትኛው ወረዳ ነው?" ተባሉ። ስልኩን ዘጉት፤ ከዚያ ወዲህ አልደወሉም።

በሽተኞቹ የሚተኙበትን ቦታ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በሱ ነውና። ከብሎካችን ጀርባ የጋራ ቤት አለን። ሲሠራ ልብስ ሊታጠብበት፣ እንጀራ ሊጋገርበት፣ በሬ ሊታረድበት ነበር። ልብሱን ሁሉም በየበረንዳው ያጥባል፤ እንጀራውን ከሱቅ ይገዛል፤ የቀረው ማረጃው ክፍል ነው። ስምንት ሜትር ርዝመት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ለበዓል ቅርጫ ይታረድበታል፤ በተረፈ ባዶውን ነው። የተሰበረ ክንፍ ከገጠመ በኋላ መብረር መለማመድ አለበት። ጭልፊትን ጠባብ ቦታ ከዘጉበት ከግድግዳ ጋር እየተላጋ ላባውን ይሰባብራል፤ የተሰበረ ላባ ደግሞ እስኪቀየር ወራት ይፈጃል። በሰፈሩ ስምንት ሜትር ባዶ ቦታ ያለው ማረጃው ብቻ ነው። የጋሽ ገብረሃንስ ሆስፒታል ቄራ ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን ስነግራቸውም አልሳቁም።

ዘንድሮ ሁለት በሽተኞች ነበሯቸው። አንዷ ኦሎምፒያ አካባቢ ርሳ የወደቀች ጉጉት ናት፤ ደርቃ፣ በልታ፣ በሐምሌ መጨረሻ ሄደች። በነበረችበት ሁለት ሳምንት ግቢው ውስጥ ያስነጠሰ ሁሉ ኑዛዜ ያስብ ነበር። የሄደችበትን ቀን እስከ ዛሬ እንደ ዓመት በዓል የሚያነሱት አሉ። ሁለተኛው ጭልፊቱ ነው። ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን መስታወት ገጭቶ መጣ፤ የቀኝ ክንፉ አጥንት ተሰንጥቋል። ሦስት ሳምንት በፋሻ ከገላው ጋር ታስሮ ከረመ። ነሐሴ ሁለት ቀን ፋሻው ተፈታ፤ የብየዳ ጓንታቸውን አጥልቀው ለቀቁት፣ አንድ ሜትር በረረና በአፍጢሙ ተደፋ። በማግስቱ ሁለት ሜትር። በአምስተኛው ቀን ክፍሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋረጠው። ጋሽ ገብረሃንስ በዚያን ዕለት ፈገግ አሉ የሚል ወሬ አለ፤ እኔ ግን አላየሁም።

ችግሩ ፍልሰታ ገብቷል። ሥጋ ቤቶቹ ዘግተዋል። ሱፐርማርኬት የቀዘቀዘ ሥጋ አይጠፋም፤ ጭልፊት ግን አጥንቱንም ላባውንም ካልበላ የገጠመው አጥንት አይጠነክርም። ባለቤታቸው እትዬ አስመረት ደግሞ የፍልሰታን ጾም በቅዳሴ የሚይዙ ሴት ናቸው፤ በቤታቸው እንኳን ዶሮ ሊታረድ የዶሮ ስም አይነሳም። ጾሙ ሲፈታስ? ሲፈታማ ሥጋው ይመጣል፣ ከሥጋው ጋር ግን ቅርጫው ይመጣል፣ ቅርጫው ማረጃውን ይፈልጋል።

"ሥጋ ሲጠፋ ቤት አለኝ፤ ሥጋ ሲመጣ ቤት የለኝም!" ይሉ ነበር ደረጃ ላይ ያገኙትን ሁሉ ይዘው። "ምን ዓይነት ፍርድ ነው ይሄ? እስቲ አንተ ንገረኝ!"

በሥጋው በኩል የደረሰላቸው ላጲሶ ነው። ላጲሶ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የሆሳዕና ልጅ፣ ጴንጤ፣ መሐንዲስ። ፍልሰታ እሱ ቤት አትደርስም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዶሮ ይታረዳል። ጭንቅላቱን፣ እግሩን፣ ክንፉን ከነላባው በጥቁር ፌስታል ቋጥሮ ከደረጃው ሥር ያቀብላቸዋል። ሁለቱ ሰዎች ግራ ቀኝ እያዩ ሲቀባበሉ ላየ የኮንትሮባንድ ዕቃ ይመስላል። የሳምንቱን ቀሪ ቀን ግቢው ሸፈነው። ጋሽ ገብረሃንስ መርዝ የበላ አይጥ ጭልፊቱን እንደሚገድልባቸው እየነገሩ ለየቤቱ ወጥመድ አድለው ነበርና፣ በሹሮ የሚጾመው ሕዝብ ጧት ጧት አይጥ በጅራቱ አንጠልጥሎ ሰልፍ ይይዝላቸው ጀመር።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ጋሽ ገብረሃንስ አስልተው ጭልፊቱ በአሥራ ሁለት ይሄዳል፣ ቅርጫው በአሥራ ስድስት ይታረዳል፣ ማንም ከማንም አይጣላም ብለው ነበር። ያላሰሉት እማማ ዘርፌን ነው።

እማማ ዘርፌ አንደኛ ፎቅ ናቸው። በማሸት ከገርጂ እስከ ጃክሮስ የሚያህላቸው የለም። እግሩ የዞረ፣ ወገቡ የተያዘ፣ ትከሻው የወለቀ ኳስ ተጫዋች ሁሉ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ነሐሴ ሰባት ቀን ጋሽ ገብረሃንስ ወደ ኢምፔሪያል ወጣ ሲሉ ቁልፉን ለጥበቃው ትተው ሄዱ። ሲመለሱ የማረጃው በር ገርበብ ብሏል። ገቡ። እማማ ዘርፌ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ጭልፊቱን ከነጭንቅላቱ በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ቀኝ ክንፉን ብቻ አውጥተው ይዘዋል። ክንፉ ያብረቀርቃል።

"እማማ ዘርፌ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ቀስ በል ልጄ፣ አሁን ገና እንቅልፍ ይዞታል። ክንፉ ደርቆ ግንድ ሆኖ ነበር እኮ! አሸሁለት።"

"በምን?"

"በምን ይታሻል? በቅቤ ነዋ! ከወልቂጤ የመጣ ለጋ ቅቤ። ለመፈሰኪያ ያስቀመጥኩትን፣ እኔ እንኳ ያልቀመስኩትን፣ ለሱ ስል ከፈትኩት። ሁለቱንም ክንፍ፣ ጀርባውንም ጨምሬለታለሁ።"

ጋሽ ገብረሃንስ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። ላባ እንደ ሰው ትከሻ አይደለም። ቅቤ ከጠጣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ አየር አይዝም፣ ውኃ አይከላከልም። የተቀባ ጭልፊት መብረሩ ይቅርና በነሐሴ ብርድ ሁለት ቀን አይቆምም። ይህን ለእማማ ዘርፌ እንዴት ይንገሯቸው? እማማ እጃቸውን እንደ ሐኪም ወደ ላይ አንስተው ምስጋና ይጠብቃሉ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ ጋሽ ገብረሃንስ በመጨረሻ። ጥርሳቸው ሲፋጭ በር ላይ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሩጫ ነው። ለብ ያለ ውኃ በሳፋ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ አንዴ ታጠበ፣ ሁለቴ ታጠበ፣ ሦስቴ ታጠበ። ጭልፊቱ አንዴ እጃቸውን ከጓንቱ በላይ ቦጨቀው። እማማ ዘርፌ በሩ ላይ ቆመው የሳሙናውን አረፋ አዩና ደረታቸውን መቱ።

"ቅቤዬን! በሳሙና! ያ ሁሉ ቅቤዬን!"

"እማማ፣ ወፉ ይሞታል!"

"በቅቤ የሞተ ማን አለ? እስቲ አንድ ሰው ጥራልኝ!"

ታጥቦ ያለቀው ጭልፊት ከእርጥብ ድመት ያንሳል። አሁን ቶሎ መድረቅ አለበት። እትዬ አስመረት በጾማቸው እየተነጫነጩ የፀጉር ማድረቂያቸውን አወረዱ፣ ተሰካ፣ አምስት ደቂቃ ነፋ፣ መብራት ሄደ። ፀሐይ የለም። ከሰል እንዳያቀጣጥሉ ጢሱ የወፍ ሳንባ አይምርም። ጭልፊቱ በፎጣ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ጋሽ ገብረሃንስም አብረውት ይንቀጠቀጣሉ፣ የሳቸው ግን በንዴት ነው። በዚህ መሀል ላጲሶ ቪትዙን አቁሞ ሲወርድ አዩት።

"ላጲሶ! መኪናህ ማሞቂያ አለው?"

"አለው ጋሼ። ለምን?"

ጋሽ ገብረሃንስ ጭልፊቱን እንደታቀፉ በሩን ከፍተው ገቡ።

እንግዲህ በዚያን ከሰዓት በኋላ ቀለበት መንገዱ ላይ የነበረ ሰው አንድ ነጭ ቪትዝ መስኮቱን ዘግቶ፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍቶ፣ ውስጡ ሁለት ላብ የሚያንጠባጥቡ ወንዶች ይዞ ሲዞር አይቶ ይሆናል። ከፊት ወንበር ያሉት ጭልፊት ታቅፈዋል። ኢምፔሪያል ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ሲቆሙ የጎናቸው ታክሲ ረዳት አንገቱን አውጥቶ አያቸው።

"አባቴ! ቦሌ ከሆነ ይምጡ፣ ወፍ በነፃ ነው!"

"ዝም በል አንተ!" አሉ ጋሽ ገብረሃንስ በተዘጋ መስኮት።

ላጲሶ ግንባሩን ጠረገ። "ጋሼ፣ እንግዲህ ከተነሳ አይቀር... አሥራ ስድስት ላይ ክፍሉ ይለቀቃል አይደል?"

"አይለቀቅም።"

"እንዴ?"

"ሳሙናው የራሱንም ቅባት ይዞበት ሄደ። ወፍ ላባውን በአፉ እያበጀ የራሱን ቅባት መልሶ እስኪቀባ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እስከ ሃያ አንድ። አምስት ቀን ነው የምለምንህ ላጲሶ። አሁን ካርቶን ውስጥ ብከተው ላባውን ይሰብራል፤ ውጭ ብለቀው የመጀመሪያው ዝናብ ይገድለዋል።"

"ጋሼ፣ ዶሮዬን ሰጥቻለሁ። መኪናዬን ሰጥቻለሁ፣ ሽታው ደግሞ እስከ መስቀል አይለቅም። ጉጉቷ በመጣች ጊዜ ሰው ሁሉ ሲጮህ፣ እኔ በኢየሱስ ስም ጉጉት አልፈራም ብዬ አስቀምጬልዎታለሁ። ደንብ ግን እፈራለሁ። ክፍሉ የአሥራ አራት ቤተሰብ ነው። ለስብሰባ ላቅርበው?"

"አቅርበው" አሉ፣ የሞት ፍርድ እንደሚቀበል ሰው።

ስብሰባው ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን ደረጃው ላይ ሆነ። ቡሄ ስለነበር ልጆች ውጭ ርችት ይተኩሳሉ፤ ጋሽ ገብረሃንስ በተኮሱ ቁጥር ወደ ማረጃው ይመለከታሉ። ላጲሶ ነገሩን አስረዳ። በሬው ከነገ ወዲያ ይመጣል፤ ክፍሉ በጭልፊት ተይዟል፤ ምን ይደረግ?

"ውጭ ማረድ ነው" አሉ ጋሽ ገብረሃንስ። "መኪና ማቆሚያው ላይ ሸራ ወጥረን።"

አሥራ አራቱም ቤተሰብ ባንድ አፍ ጮኸ።

"ውጭ? ጭልፊት ሊጨርሰን?"

እውነት ነው እኮ! ማረጃው ጣሪያና በር የተሠራለት ለዝናብ ብቻ አይደለም። ሥጋ ሜዳ ላይ በተዘረጋ ቁጥር የኢምፔሪያል ሰማይ ሁሉ ተወርውሮ ይወርዳል፤ ከሰው እጅ ላይ ጉበት ሲነጥቅ ያላየ የለም። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ "ጋሼ፣ ውስጥ ያለውን ያነጋግሩልን፣ ዘመዶቹን ይከልክልልን" አለ፤ ደረጃው በሳቅ ተናጋ።

"እኔ እጠብቃለሁ" አሉ ጋሽ ገብረሃንስ ፊታቸው እየቀላ። "በሬው ከተጣለበት ደቂቃ ሁሉም መደቡን እስኪያነሳ እዚያው ቆሜ አባርራለሁ።"

"የተነጠቀውስ?" አሉ እማማ ዘርፌ። ቅቤው ገና አልወጣላቸውም። "የተነጠቀው ከማን ይተካል?"

"ከእኔ መደብ!"

ከኋላ የእትዬ አስመረት ድምፅ መጣ። "ከማን መደብ? ገብረሃንስ? ከማን መደብ አልክ?"

በእጅ ማውጣት ተወሰነ። እትዬ አስመረት እጃቸውን አላወጡም።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ጧት ሸራው ተወጠረ፣ በሬው ተጣለ፣ አራጁ ተሰማራ፣ ኮባ ተነጠፈ፣ አሥራ አራት መደብ ተደረደረ፣ ዕጣ ወጣ። ጋሽ ገብረሃንስ የዝናብ ካፖርታቸውን ለብሰው የመጥረጊያ እንጨት ይዘው መሀል ላይ ቆሙ። መጀመሪያ አንድ ጭልፊት አንቴና ላይ አረፈ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ ቆጠራው ቀረ።

"ሂድ! ውጣ! አንተ ሌባ!"

የመጀመሪያው ወረደ፤ እንጨቱን አነሱ፤ ወፉ ዘወር ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ወረደ፤ አነሱ። አንድ ጎረቤት ቢላ እየሳለ፣ "ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ ክንፉን ከሰበሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት የሚጠግኑት!" አለ። ሰው ሳቀ። ቀልድ ብቻ ግን አልነበረም። ሰውዬው እንጨቱን ያነሱታል እንጂ አይመቱም። ክንፍ ሲቀርባቸው እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። ይህን እኛ ከማወቃችን በፊት ጭልፊቶቹ አወቁት። ከዚያ በኋላ እንጨቱን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያለፉት ገቡ። ከእማማ ዘርፌ መደብ ላይ ጉበት ሄደ። ከላጲሶ ጨጓራ ሄደ። ላጲሶ ፍልሰታን ባይጾምም ቅርጫ ላይ አይቀርም። ከሌላ መደብ ሁለት ቁራጭ ሥጋ፣ ከሌላው ኩላሊት። በሄደ ቁጥር ከአሥራ አራተኛው መደብ፣ ከጋሽ ገብረሃንስ፣ እየተቆረጠ ይተካል።

"አንዱን ብቻ ምታ!" አሉ እትዬ አስመረት ከመስኮት። "አንዱን! ለመቀጣጫ እንኳ!"

"እየመታሁ ነው!"

"የታባትክ! እያሻሸሃቸው ነው!"

ማረጃው ውስጥ ያለው ጭልፊት የውጭዎቹን ሰምቶ ያፏጫል፤ ውጭ ያሉት ይመልሱለታል። ጋሽ ገብረሃንስ በመሀል ቆመው በሁለቱም በኩል ይጮኻሉ። ሁሉም መደቡን ሲያነሳ የእሳቸው መደብ ላይ የቀረው አንድ የጎድን አጥንትና የማይበላ ጅማት ነበር። እትዬ አስመረት አሥራ አምስት ቀን በውኃና በሽምብራ የጾሙትን ጾም በእንቁላል ፈቱ። ከባለቤታቸው ጋር ለአራት ቀን በዓይን ብቻ ተነጋገሩ፤ በዓይን የተባባሉትን እኔ እዚህ አልጽፈውም።

ጭልፊቱ አምስት ቀኑን አገኘ። ነሐሴ ሃያ አንድ ጧት ጋሽ ገብረሃንስ ለልብስ መተኮሻ የሚሆነውን ውኃ መርጫ አምጥተው ጀርባው ላይ ረጩበት። ውኃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ፤ ላባው ደረቅ ነው። ደግመው ረጩ። ሦስተኛ ሊረጩ ሲሉ ጭልፊቱ ፊታቸው ላይ ጮኸባቸው።

መኪና ማቆሚያው ላይ ወጣን። ላጲሶ ለሥራ እየወጣ ነበር፤ ቆመ። እማማ ዘርፌ መጥተው ከሩቅ "እንትፍ እንትፍ" ብለው መረቁት። ካፊያ ጀምሯል። ጋሽ ገብረሃንስ እጃቸውን ከፈቱ።

ጭልፊቱ በረረ። ግን የሄደው አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ነው፤ የተሰጣ አንሶላ ላይ ቂብ አለ። "ኧረ አንተ!" አሉ ጋሽ ገብረሃንስ። ካፊያው ጠነከረ። ጭልፊቱ ገላውን አንዴ አራገፈ፣ ውኃው ዙሪያውን ተበተነ፣ ክንፉን ዘረጋና ጣሪያውን ተሻግሮ ወደ ቀለበት መንገዱ ሄደ።

"ሄደ!" ላጲሶ ዘለለ። "ጋሼ፣ ሄደ!"

"ያጋድላል" አሉ ጋሽ ገብረሃንስ።

"ምን?"

"ወደ ቀኝ ያጋድላል። አላየኸውም? ክንፉ ትንሽ ይወርዳል። ሌላ አምስት ቀን ቢኖረኝ..."

"በረረ እኮ ጋሼ!"

"በረረ። ያጋድላል።"

ከዚያ ወዲህ ኢምፔሪያል ታክሲ ስንጠብቅ አንገታቸው ሰማይ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱን ጭልፊት አሳየኋቸው፤ "ያ አይደለም?" አልኳቸው። "አይደለም፣ ያ ቀጥ ብሎ ነው የሚበር" አሉኝ፣ እንደሰደብኳቸው ሁሉ። ሌላ አሳየኋቸው፤ አይደለም። ከሕንፃዎቹ በላይ አንድ ብቻውን ይዞር ነበር። ቆም ብለው አዩት። ቀኝ ክንፉ ዝቅ አለ፣ ተስተካከለ፣ እንደገና ዝቅ አለ፣ አፉ ላይ የሆነ ነገር ይዟል።

"ይኸው! አላልኩም?" ብለው ክንዴን ጨብጠው ተቆጡኝ። "ያጋድላል አላልኩም? ማን ይሰማኛል!"

ታክሲው ሞልቶ ሄደ። እሳቸው ገና ይቆጣሉ።